በወይራ የታጠኑት ብርጭቆዎች

አባቴ የሞተው በግንቦት ነው፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በመስከረም። በሁለቱ መካከል ባለው ክረምት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የአባቴ ጓደኛ የሆነ ሹፌር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ ኮልፌ ወዳለው ቤታችን መጣ። የጫማውን ጭቃ ደጃፍ ባለው ድንጋይ ላይ ደህና አድርጎ ጠረገና ሳይቀመጥ ጥቅሉን ዘረጋልኝ።

«የአባትሽ ደብተር ነው። እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር።»

ጠርዙ የተላላጠ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነበር። ስለመለሰልን አመሰገንኩት። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«መመለሴ አይደለም። በመስከረም የመጀመሪያው እሁድ ይዘሽው እንድትመጪ ነው። የአባትሽ ቦታ ባዶውን አይቀመጥም፤ ደብተሩም ጸሐፊ ይፈልጋል።»

እናቴ ከጓዳ ወጣች። «የት ነው የምትመጣው?»

«ማኅበር ነዋ።»

«ያ ቅዱስ የሌለው ማኅበራችሁ? አባቷን ውስኪ አስለመዳችሁት፤ አሁን ደግሞ ልጄን?»

«በሽሮፕ ክዳን እኮ ነው የምንጠጣው፣ እህቴ። በሽሮፕ ክዳን የሰከረ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እናቴ ልትቆጣ ሞክራ ሳቀች። ከግንቦት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ለመሄድ የወሰንኩትም ያኔ ይመስለኛል።

ስለ ማኅበሩ ትንሽ ማስረዳት አለብኝ። አባላቱ አራት ነበሩ፦ አባቴ፣ ሹፌሩ፣ ኮልፌ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ፣ እና አስኮ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ። ሽማግሌው በአንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጠጥ ሲቀዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሹፌሩንና ልብስ ሰፊውን ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እያልኩ አንተ ስለምላቸው እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ። ሽማግሌውን ግን ሁሉም አንቱ ይሏቸዋል። እንደ ደንበኛው ማኅበር ሰብሳቢውን ሙሴ ስለሚሉት፣ እሳቸውን በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ሙሴ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ሹፌሩ ይሠራላቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ነው። ጌትየው ሦስት ያልተከፈቱ የውስኪ ጠርሙሶች ሰጡት። መርካቶ ወስዶ ሊሸጣቸው አስቦ መጀመሪያ ለሽማግሌው አሳያቸው። እሳቸው አንዱን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ብዙ ሲያዩት ቆዩና «ይኼ የሚሸጥ አይደለም» አሉት። በሆቴሉ ውስጥ ይህን ዓይነት ውስኪ የሚያዝ እንግዳ ጥቂት ነበር፤ ከአብዮቱ ወዲህማ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር።

ምኑ ልዩ እንደሆነ ለኔ ያስረዱኝ በመስከረሙ እሁድ፣ ተራው የሳቸው ስለነበር አስኮ ቤታቸው ሄደን ነው። ከረቫት አስረው ነበር።

«የሰርግ ጠላ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«ጎረቤቱ ሁሉ እንስራ እንስራውን ያመጣል፤ አንድ ላይ ይገለበጣል። መጥፎ ነው አልልሽም፣ ይጠጣል። ግን የማን እጅ እንደሆነ አታውቂም። ተራው ውስኪ እንደሱ ነው፤ ከየቤቱ የተደባለቀ። ይኼ ግን የአንድ ቤት ነው። ገብሱን ያበቀለው፣ የጠመቀው፣ ያወጣው፣ በበርሜል ያስቀመጠው ያው አንዱ ቤት ነው። ስታሸቺው የጠመቀችውን ሴትዮ ማወቅ አለብሽ።»

«ሴትዮዋ እዚያ አገር ጺም አላት» አለ ልብስ ሰፊው።

«ዝም በል አንተ፤ ገና ሳትቀምስ ሞቀህ።»

በጠርሙሶቹ ላይ ያለውን ስም እያንዳንዱ እንደ ምላሱ ስለሚያነበው አባላቱ ተከራክረው ተከራክረው በመጨረሻ የራሳቸውን ስም አውጥተውላቸዋል። አንዱ ጭሱ ነው፤ ብቅሉ የሚደርቀው በጭስ ስለሆነ እሳት ዳር ያደረ ጋቢ ይሸታል። ሁለተኛው ማሩ ነው፤ ዘቢብና የብርቱካን ልጣጭ አለበት። ሦስተኛው ገብሱ ነው፤ እሱን ሳሸት የመጣልኝ አሁን የተበጠበጠ በሶ ነው። ይህን ብናገር ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሙሴ ግን «በሶ ነው! እንዴት እስከ ዛሬ አልመጣልንም?» ብለው ደብተሩ ላይ አስጻፉኝ።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በወር አንድ እሁድ፣ የቀበሌው ስብሰባ ካበቃ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተረኛው ቤት እንሰበሰባለን። ሰዓት እላፊ ስላለ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንበተናለን። ሦስቱ ጠርሙሶችና ዘጠኝ ትናንሽ የሻይ ብርጭቆዎች በአንድ የእንጨት ሳጥን ከተረኛ ወደ ተረኛ ይዞራሉ። ተረኛው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ፣ ሙሴ ከኪሳቸው አውጥተው በሚሰጡት የሳል ሽሮፕ ክዳን እየለካ ይቀዳል። ሌሎቹ ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ብርጭቆ ይደርሳቸዋል። የቀዳው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ስለሚያውቅ አይቀምስም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሌሎቹ ያሸታሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ግምታቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከብርጭቆው ሥር ያስቀምጣሉ። ሁሉም ሳይጽፍ ማንም አይናገርም። ከዚያ ጸሐፊው ወረቀቶቹን ያነባል፣ ይመዘግባል። ጸሐፊው አባቴ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሦስቱንም ተሳሳትኩ። ፊቴ ጋለ። በዩኒቨርሲቲው ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲመጣ መልሱን ባውቅም እጄን የማላወጣው ይኸው ፊቴ እንዳይግል ነው። ሙሴ ወረቀቴን ገልበጥ አድርገው አይተው «ጎበዝ» አሉኝ።

«ተሳሳትኩ እኮ አባባ።»

«ተሳስተሻል። ግን የማንንም ፊት አላየሽም። ጋሼሽ እስከ ዛሬ ድረስ የሚጽፈው የኔን ቅንድብ እያየ ነው።»

«ቅንድብዎ ይናገራላ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ ሹፌሩ።

በጥቅምት ተራው የሹፌሩ ነበር። ያን ቀን ሙሴ ማሩን ገብሱ፣ ገብሱን ማሩ ብለው ጻፉ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። በደብተሩ ውስጥ ወደ ኋላ ገልጬ እንዳየሁት እሳቸው ከዚያ በፊት ተሳስተው አያውቁም። ክረምቱን ሙሉ ጉንፋን አሟቸው ነበርና «ገና አልለቀቀኝም» አሉ፤ ሁላችንም «አዎ፣ ጉንፋኑ ነው» አልን።

በኅዳር፣ ልብስ ሰፊው ቤት፣ የባሰ መጣ። ጭሱን ማሩ አሉት። ጭሱን ማንም አይስተውም፤ እኔ እንኳ በሁለተኛ ቀኔ ለይቼዋለሁ። ልብስ ሰፊው ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን የጠረጴዛውን ጨርቅ እጥፋት በጣቱ ያስተካክል ጀመር።

ሙሴ የሽሮፑን ክዳን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት።

«በታኅሣሥ ደግሞ ከተሳሳትኩ ይህን አስረክባለሁ» አሉ። «የማይሸት ሙሴ ምን ያደርግላችኋል? ከዚያ ወዲያ አልመጣም።»

«ኧረ ሙሴ፣ ምን ሆነዋል?» አለ ሹፌሩ።

«ጨርሻለሁ።»

ስንመለስ ሹፌሩ እስከ ቤታችን ሸኘኝ። ከበራችን ስንደርስ ቆም አለና «ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከረቫት የሚያስሩት በዚህ እሁድ ብቻ ነው» አለኝ። «ይኼን ከተዉ ሌላ የሚወጡበት ምክንያት የላቸውም።»

የታኅሣሡ ተረኛ እኔ ነበርኩ።

ያን ወር ሙሉ ስለ ፈተናዬ ካሰብኩት ይልቅ ስለዚያ እሁድ ያሰብኩት ይበልጣል። ሙሴ የሚፈተኑት በኔ ቤት፣ እኔ በቀዳሁት፣ እኔ ባጠብኩት ብርጭቆ ነው። በኔ ስንፍና ምክንያት አንዳች ነገር እንዳያሳስታቸው ፈራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ሁለት ወንበር ተዋስኩ። ጠርሙሶቹን በንጹሕ ጨርቅ ወለወልኩ። ብርጭቆዎቹን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኩና ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋቸው ሳሙና ሳሙና ሸተቱኝ። በውኃ ብቻ ደጋግሜ አለቀለቅኳቸው፤ አሁንም ሳሙናው ያለ መሰለኝ። ማልቀስ ብቻ ቀረኝ።

«እማዬ፣ ብርጭቆው ሳሙና ሳሙና ይላል።»

«ታዲያ አጥኚዋ!» አለች እናቴ፣ ይህ እንዴት ይጠየቃል በሚል ድምፅ። «ዕቃ ታጥቦ ብቻ ይቀመጣል?»

እውነቷን ነው ብዬ አሰብኩ። በኛ ቤት የወተት ዕቃ ታጥቦ በወይራ ጭስ ሳይታጠን ወተት አይገባበትም። የጠላው ጋንም እንደዚያው። ያልታጠነ ዕቃ ለኛ ገና ግማሽ የታጠበ ዕቃ ነው። ወይራ ሰንጥቃ ሰጠችኝ፤ ገል ላይ ፍም አድርጌ እንጨቱን ጣል ጣል አደረግኩበት። ዘጠኙን ብርጭቆ አንድ በአንድ አፋቸውን ደፍቼ፣ ሙቀቱ እንዳይሰነጥቃቸው ከፍ ዝቅ እያደረግኩ አጠንኳቸው። ሲያልቅ የሳሙናው ሽታ ጠፋ። ውጫቸውን በነጠላ ጫፍ ወልውዬ፣ በጨርቅ ሸፍኜ አስቀመጥኳቸው። ያን ዕለት የተኛሁት ደስ ብሎኝ ነው።

በማግስቱ ሙሴ ከሁሉም ቀድመው በውይይት ታክሲ መጡ። ፂማቸውን ተላጭተዋል፤ ከረቫታቸውን አጥብቀው አስረዋል። ሹፌሩ ሲገባ አየሩን ማግ አድርጎ «ቤታችሁ ደግሞ ወተት ወተት ይላል» አለ። እናቴ እንደ ምስጋና ተቀበለችው።

ሙሴ ክዳኑን ሰጡኝ። ከመጋረጃው ጀርባ በጥንቃቄ ቀዳሁ፦ መጀመሪያ ገብሱን፣ ሁለተኛ ጭሱን፣ ሦስተኛ ማሩን። በትሪ አቅርቤ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ልብስ ሰፊው የመጀመሪያውን አሸተተ። ሁለተኛውን አሸተተ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ሹፌሩም ሦስቱንም ካሸተተ በኋላ ወደ ሙሴ ቅንድብ አየ፤ ከዚያ አፍሮ ወደ ጣራው አየ። ሁለቱም ቀመስ ቀመስ አድርገው፣ ፈተና ላይ ሰዓት እንዳለቀበት ተማሪ ተቻኩለው ጻፉ።

ሙሴ አልቀመሱም። አንዱን አሽትተው አስቀመጡ። ሌላውን አነሱ። ሦስተኛውን አሽትተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ውኃ ጠየቁኝና ጠጡ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አይሸታቸውም፣ አለቀ፣ አልኩ በልቤ። እርሳሱን አንስተው ብዙ ቆዩ፤ መጻፍ ሲጀምሩ ደግሞ ከሦስት ቃል በላይ ጻፉ።

ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ። ልብስ ሰፊው ጭሱ የመጀመሪያው ነው ብሏል። ሹፌሩ ጭሱ ሦስተኛው ነው ብሏል። እንዲህ ዓይነት ነገር ገጥሞን አያውቅም። የሙሴን ወረቀት ገልጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

«ሦስቱም ወይራ ናቸው። ብርጭቆዎቹ ታጥነዋል። ከዚህ በላይ ለመለየት አልችልም።»

ሹፌሩ ብርጭቆውን አንስቶ ውጪውን ሳይቀር አሸተተው።

«ወይ ጉድ! ወይራ እኮ ነው!»

«ሦስቱም ጭስ ጭስ ብለውኛል» አለ ልብስ ሰፊው።

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ብለህ አልጻፍክም?»

«አንተስ?»

«እኔማ አፍንጫዬ የተበላሸ መስሎኝ ነዋ! የሙሴ ጉንፋን ተጋባብኝ ብዬ!»

«እኔም እኮ!»

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምን አጠፋን? ዕቃ አይታጠንም እንዴ?»

«እኔ ነኝ ያጠንኳቸው» አልኩ። «ሳሙና ሸተተኝና... ንጹሕ እንዲሆንልዎ ብዬ ነው አባባ።»

ሙሴ ወደኔ ዞሩ። «ወይራው ደረቅ ነበር?»

«አዎ አባባ።»

«ደግ አደረግሽ። እርጥብ ቢሆን ይመር ነበር።»

ያን ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ እናቴም፣ እኔም። ልብስ ሰፊው ከሳቁ ብዛት ከረቫት ያላሰረበትን አንገቱን ያላላ ጀመር። ሙሴ ግን ቀድመው ዝም አሉ።

«ቢሆንም እኔ አልተፈተንኩም» አሉ። «ሌላ ብርጭቆ አምጡልኝ።»

«ይቅር ሙሴ፣ ለጥር ይደር።»

«አምጡልኝ አልኩ።»

ከጎረቤት ሦስት ብርጭቆ ተዋስኩ፤ በውኃ ብቻ አለቀለቅኩ። ቅደም ተከተሉን ለውጬ ለሳቸው ብቻ ቀዳሁ። ጭሱን ወዲያው ለዩት፤ እፎይ አልን። ማሩንና ገብሱን ግን እንደ ጥቅምቱ አቀያየሯቸው። ልዋሽ አልቻልኩም። ሲጠይቁኝ «ተቀያይረዋል አባባ» አልኳቸው።

አልተቆጡም። የሽሮፑን ክዳን ከትሪው ላይ አንስተው በመሐረባቸው ጠረጉና ልብስ ሰፊው ፊት አስቀመጡት።

«ይኸው።»

ልብስ ሰፊው ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ። «እኔ አልነካውም።»

«እንግዲያው እሱ ይውሰደው» አሉ ወደ ሹፌሩ እያሳዩ።

«እኔማ ቅንድብ የማይበት ሰው ያስፈልገኛል» አለ ሹፌሩ፤ ግን ድምፁ የቀልድ አልነበረም።

ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። ሊነሱ ነበር። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ፣ እጄ ላይ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር፣ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጥኩ። የማኅበሩ ሕጎች በአባቴ እጅ ጽሑፍ እዚያ ሰፍረዋል፤ ብዙ ጊዜ አንብቤያቸዋለሁ። ሁለተኛው ሕግ ላይ ጣቴን አደረግኩ።

«አባባ፣ ይህን ላንብብልዎ?» አልኩ። መልስ ሳልጠብቅ አነበብኩት። «በወረቀት መጀመሪያ የሰፈረው ቃል አይሰረዝም። ሌላ ዙር ተቀድቶም አይለወጥም።»

ሁሉም ወደኔ አየ። ፊቴ ጋለ፤ ግን ጀምሬዋለሁ።

«ስለዚህ ሁለተኛው ዙር አይመዘገብም። የሚመዘገበው የመጀመሪያው ወረቀትዎ ነው። እሱ ደግሞ ትክክል ነው። ዛሬ ትክክል የጻፈ ሌላ ሰው የለም።»

«ይህን ሕግ ማን ጻፈው?» አሉ ሙሴ፣ እያወቁት።

«አባቴ።»

«እኔን ለመቅጣት ነበር የጻፈው» አለ ሹፌሩ። «ሙሴ ከተናገሩ በኋላ እየሰረዝኩ ሳስቸግረው። አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ሕግ ስቀጣ ኖሬ፣ ዛሬ ለሳቸው ሲሆን ሊሻር ነው? አይሻርም!»

«አንቺ ልጅ፣ አዝነሽልኝ ከሆነ...»

«አላዘንኩም አባባ» አልኩ። «ሁለተኛው ዙር ላይ ተሳስተዋል፤ እሱንም ነግሬዎታለሁ። ግን መጀመሪያ ሦስቱም ጭስ ጭስ ሸትተዋቸው ያልጻፉት ጋሼዎች ናቸው። እርስዎ ባይጽፉት ኖሮ እኔ የሁሉንም ስህተት መዝግቤ ደብተሩን እዘጋ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑንም አላውቅም ነበር።»

ሙሴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱት። ክዳኑን ትንሽ ቆይተው ወሰዱትና ኪሳቸው ከተቱት።

«እስከ ጥር ብቻ» አሉ።

ከዚያ ከታጠኑት ብርጭቆዎች በአንዱ ገብሱን እንድቀዳላቸው ጠየቁኝ። ቀስ ብለው ጠጡት፤ ወደ ጓዳው ዞር ብለውም እናቴ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እነዚያ ሰዎች ይህን ጭስ ለማስገባት ስንት ዓመት ይደክማሉ! እመቤቲቱ በአንድ ቅዳሜ ጨረሱት።»

እናቴ ለዚያ ማኅበር የመጀመሪያውን ዳቦ የቆረሰችው ያን ዕለት ነው።

ሙሴ ያላሰቡት አንድ ነገር ነበር፤ ወይም አስበውት ይሆናል፣ አላውቅም። ሲወጡ በር ላይ ሹፌሩ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። መስከረም ሙሴ፣ ጥቅምት እሱ፣ ኅዳር ልብስ ሰፊው፣ ታኅሣሥ እኔ። የጥር ተረኛ ማን ነው? ሙሴ። ተረኛ ደግሞ ይቀዳል እንጂ አይፈተንም። «ሕጉ ነዋ!» እያለ እስከ ፌርማታው ድረስ ሲስቅ ይሰማ ነበር።

አሁን ይህን የምጽፈው በሁለተኛው የትምህርት መንፈቅ መጀመሪያ ላይ ነው። የሙሴን ወረቀት ከአባቴ ሁለተኛ ሕግ ጎን በሙጫ ለጥፌዋለሁ። ስለነዚህ ወራት ሳስብ ማመስገን የምፈልጋቸው ብዙ ናቸው፦ ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣልኝን ሹፌር፣ ክዳኑን ላለመንካት እጁን የደበቀውን ልብስ ሰፊ፣ ሳማክራት «አጥኚዋ» ያለችኝን እናቴን። አባቴን ደግሞ፣ ሕጉን በቀለም ስለጻፈው።

በጥር አስኮ ሄድን። ሙሴ ከረቫታቸውን አስረው ከመጋረጃቸው ጀርባ ቀዱልን። የመጀመሪያው ገብሱ ነበር፤ በሶው ወዲያው መጣልኝ። ሦስተኛው ጭሱ ነበር። ማሩ ከጠርሙሱ ሊያልቅ ስለተቃረበ ይሁን ወይም አፍንጫዬ ደክሞ፣ ሁለተኛው ምንም አልነገረኝም። ሦስት ብቻ ስለሆኑ የቀረው ማሩ እንደሚሆን ማስላት እችል ነበር። ሒሳብ እንጂ ሽታ አይሆንም ብዬ ተውኩት። «ሁለተኛውን አላወቅኩትም» ብዬ ጽፌ ወረቀቱን ከብርጭቆው ሥር አስቀመጥኩ።

ሙሴ አንስተው አነበቡት። ለሌሎቹም አሳዩአቸው። ከዚያ ወደኔ መለሱልኝና «እንዳለ መዝግቢው» አሉኝ። እንዳለ መዘገብኩት።